ስምንት ቀን ውሃ ውስጥ

እህቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በሁለት እጇ አቅፋ መጣችበት። ሳፋው በፎጣ ተሸፍኗል፤ ከፎጣው ስር ውሃ ይንቦጫረቃል፤ ቀሚሷ ከወገቧ በታች ርሷል። እንዴት አደርክም አላለችው። ገባችና ሳፋውን የቁርሱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዳቦውና ከሻዩ መሃል አሳርፋ ፎጣውን ገለጠችው።

«ይኸው ዶክተር፣ ያልከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ» አለች። «ዛሬ ስምንት ቀኗ። አንዲት ነገር በአፏ አልዞረም።»

ሳፋው ውስጥ ያለችው ኤሊ ነበረች። ስፋቷ የሾርባ ሳህን ያህላል፤ ቅርፊቷ ያረጀ የጫማ ቆዳ ይመስላል። አንገቷን አስግጋ፣ የአፍንጫዋን ጫፍ ብቻ ከውሃው በላይ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ስብሰባ እንደሰለቸው ሰው ዝም ብላለች። እሱም ዳቦውን እንደጎረሰ ማላመጡን ትቶ ያያት ጀመር። በዕድሜው ኤሊን በዚህ ያህል ቅርበት ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ይህን ግን ለእህቱ እንዴት ይነግራታል? እሱ እኮ ዶክተር ነው።

እውነቱን ለመናገር ዶክተር አይደለም። በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠ ጸሐፊ ነው። ውሻ ይመጣል፣ ድመት ይመጣል፣ አንዳንዴም በቀቀን ይመጣል፤ እሱ ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ «ምን ሆነ» ብሎ ይጠይቅና ጽፎ ካርዱን ወደ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪሟ ሥራ ነው። ዱሮ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ወደቀ። መውደቁን ለእህቱ ሊነግራት ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ፣ ሦስት ጊዜ ምራቁን ውጦ ዘጋው። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። ካርድ ክፍል በተቀጠረ በሳምንቱ በክሊኒኩ በር ስታልፍ ነጭ ጋወን ለብሶ አየችው፤ እዚያው መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ማታ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ዶክተር ብሎ ስልክ ደወለለት። እሱም አላረመም። «እኔ በአፌ ዋሽቼ አላውቅም፤ ዝም ነው ያልኩት» እያለ ራሱን ያጽናናል። ዝምታው አሁን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ጢም አውጥቷል።

ደግነቱ እስካሁን ማንንም አልጎዳም። የእህቱ ጎረቤቶች ድመታቸው ስታስመልስ፣ ውሻቸው ሲያነክስ፣ ጥያቄው በእህቱ በኩል ይደርሰዋል፤ እሱ «ጥቂት ላስብበት» ይልና ሐኪሟን ዘወር አድርጎ ጠይቆ መልሱን በማግስቱ፣ ድምፁን ጎርነን አድርጎ ያደርሳል። ሰዉም «የረጋ ዶክተር ነው፣ ቸኩሎ አይናገርም» ይለዋል። የኤሊዋ ጊዜ ግን ሐኪሟ ፈቃድ ላይ ነበረች። እህቱ ባለ አምስት ፎቅ አፓርትማ ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበሩት ተከራዮች ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ ቤቱን ልታጸዳ ገብታ ኤሊዋን ከሳህን ማጠቢያው ስር አገኘቻት። የሕንጻው ኃላፊ በስልክ ሲጠየቅ «ከቆሻሻው ጋር ጣያት» አለ። እሷ ግን ነፍስ ያለው ነገር ከቆሻሻ ጋር አልጥልም ብላ ወደ ወንድሟ ደወለች። ወንድሟ ምሳ እየበላ ነበር። ኤሊ የውሃ ናት፣ ይህም ጥያቄ ሆኖ ሐኪም ይጠየቅበታል ወይ ብሎ አሰበና እዚያው አዘዘ፦ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ እስከ አንገቷ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ፣ ምግቧ ዓሣና የተፈጨ ሥጋ። ስልኩን ሲዘጋ በራሱ ተደስቶ እንደነበር ያስታውሳል። ሰላጣውንም ጨርሶ ነበር።

አሁን ያቺው ኤሊ ቁርሱ መሃል ተቀምጣለች። መነጽሩን አደረገ። ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ቅርፊቷን በጣቱ ሁለቴ ቆረቆረ። እህቱ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ሦስተኛ ጊዜ መቆርቆር ስለማያዋጣ «ላቦራቶሪ መታየት አለባት» አለ።

«እኔም ልምጣ?»

«የለም እታለም፣ ውስጥ ሰው አይገባም።»

እህቱ በሥራ ቦታው በር ገብታ አታውቅም፤ ሥራውን እንዳልረብሽ ትላለች። አሁንም አልተከራከረችም። ጎንበስ ብላ ቅርፊቱን በመዳፏ ዳበሰችና «አይዞሽ እንግዳዬ፣ ደህና እጅ ላይ ነሽ» አለቻት። ደህናው እጅ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

አውቶቡስ ውስጥ ሳፋውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ውሃው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ሱሪው ላይ ይፈሳል። አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ ፎጣውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ምን አድርጋህ ነው የምታሰጥማት?» አሉት። እሱም ኮራ ብሎ «ባለሙያ ነኝ» ሲላቸው «ኧረ?» አሉና እስከሚወርዱበት ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያዩ ቆዩ። ያቺ «ኧረ» ክሊኒኩ ድረስ አብራው ሄደች።

ካርድ ክፍል ገብቶ እንደ ማንኛውም ታካሚ ካርድ አወጣላት። ባለቤት፦ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ። ዓይነት፦ የውሃ ኤሊ። ፆታ፦ ሴት። ዕድሜ፦ ወጣት። ምን ሆነች፦ አትበላም። ጆሮው ከቆሰለ አንድ ውሻ ቀጥሎ ተራዋ ደረሰና ይዟት ገባ። ሐኪሟ ከእሱ አሥር ዓመት የምታንስ፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ፎጣውን ገልጣ ሳፋውን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ኤሊዋን ከውሃው አውጥታ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘቻት።

«ማን ነው ውሃ ውስጥ የከተታት ጋሼ?»

«ባለቤቷ ናት። ስምንት ቀን ሆናት።»

«ማን አድርጊ አላት?»

«ሰፈር ውስጥ... አንድ ዶክተር የሚሉት ሰው አለ መሰለኝ» አለ።

ሐኪሟ የኤሊዋን የኋላ እግር በሁለት ጣቷ ስባ አወጣችለት። «ይህን እግር ይዩት። እንደ ዝሆን እግር ነው፣ ድፍን። የውሃ ኤሊ ብትሆን ኖሮ በጣቶቿ መሃል ስስ ቆዳ ይኖራት ነበር፣ እንደ ዳክዬ። ቅርፊቷም ጠፍጣፋ ነበር የሚሆነው፤ ይህ እንደ ጉልላት ነው የቆመው። ይህች የምድር ኤሊ ናት፤ መዋኘት አትችልም። ስምንት ቀን ሙሉ እንዳትሰጥም አንገቷን ቀጥ አድርጋ ቆማለች ማለት ነው። ምን ሰጧት?»

«ዓሣና ሥጋ።»

«ሣር ነው የምትበላው። ሣርና ቅጠል» አለችና ካርዱን ከእጁ ተቀበለችው። «ያን ሰውዬ ባገኘው ጥሩ ነበር። እንዲህ ያለውን ነው ፈቃዱን መንጠቅ።»

«ደንቆሮ ነው» አለ እሱ። አፉ ላይ ስለጣፈጠው ጨመረበት፤ «እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሳይማር የተማረ መስሎ ስንቱን አበላሸ።» ስድቡ ከልቡ ነበር። እንዲያውም ከዚህ በላይ ለመሄድ ቃል አጠረው እንጂ ሐሳቡ ነበረው። የሚነጠቅ ፈቃድ እንደሌለው ትዝ ሲለው ግን፣ ይህ መጽናኛ ይሁን ሌላ ስድብ ለይቶ ማወቅ አልቻለም።

ሐኪሟ ኤሊዋን ገለበጠቻት። የሆዷን ሰሌዳ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነው። ጅራቱን አየች፤ ረጅም ነው። «ይህም ተሳስቷል ጋሼ። ወንድ ነው።» እንግዲህ ከዚህ በኋላ እኛም እሱ እንለዋለን። ዕድሜውንም ስትጠየቅ፣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ ግን የቅርፊቱ መስመር እንዲህ ካለቀ ከእርስዎ ጋር ሳይተካከል አይቀርም አለች። ካርድ ጸሐፊው ካርዱን መልሶ ተቀብሎ ብዕሩን አውጥቶ «የውሃ» የሚለውን ሰረዘ፣ «ሴት» የሚለውን ሰረዘ፣ «ወጣት» የሚለውን ሰረዘ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ጽፎ እንዲህ የተዥጎረጎረ ካርድ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ልክ ሆኖ የቀረው አለመብላቱ ብቻ ነው።

ነገሩ ሲብራራ ቀላል ነበር። ኤሊ ገላውን ራሱ ማሞቅ አይችልም፤ ከበረደው ሆዱም አይሠራም፤ ሆዱ ካልሠራ አይበላም። ሐኪሟ ሳምባውን አዳመጠች፤ ብርዱ ወደ ውስጥ መግባት ጀምሯል። መርፌ ወጋችው። በመብራት እንዲሞቅ፣ በቀን አንዴ ለብ ባለ ውሃ፣ እሱም ከእግሩ በማያልፍ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ እንዲቆም፣ ከዚያ ደርቆ እንዲቀመጥ፣ ቅጠል አጠገቡ እንዲደረግለት አዘዘች። «ዛሬ ይበላል ብላ እንዳትጠብቅ ይንገሯት። ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። ላይተርፍም ይችላል፤ እንዳልዋሽዎት።» ይህችን የመጨረሻዋን ቃል የተናገረችው እንዲሁ እንደ ልማዷ ነው፤ ሰውየው ግን ዓይኑን ወደ ካርዱ መለሰ።

ቀኑን ሙሉ ኤሊውን በካርቶን ውስጥ አድርጎ ካርድ ክፍሉ ውስጥ፣ የጠረጴዛ መብራቱን ወደ ታች አጎንብሶለት ሲያሞቀው ዋለ። ሰው ካርድ ሊያወጣ ሲመጣ መስኮት በሌለው ክፍል በጨለማ እየጻፈ፣ ማን እንደሆነ በድምፅ ይለያል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤሊው ዓይኑን ገለጠ። ጥቁር፣ የረጠበ፣ ምንም የማይል ዓይን ነው፤ ግን ወደ እሱ ነበር ያየው። «ምን ታያለህ» አለው በሹክሹክታ። «አንተም ልታጋልጠኝ ነው?»

ማታ ለእህቱ የሚላትንም እዚያው ተቀምጦ አዘጋጀ። ሕክምናው ሁለት ምዕራፍ አለው ይላታል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ውሃ ነበር፤ እሱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል፤ አሁን ወደ ደረቁ ምዕራፍ ተሸጋግረናል። ፆታውንም ላቦራቶሪው ነው የለየው፣ በዓይን አይታወቅም ይላታል። ሁለቴ በልቡ ደገመው። እንከን አልነበረውም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዞ ሁለተኛ ዓመት ላይ እንዴት ሊወድቅ እንደቻለ ገረመው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካርቶኑን በአንድ እጁ፣ የጠረጴዛ መብራቱን በሌላ እጁ ይዞ አፓርትማው ደረሰ። የእህቱ ክፍል ከደረጃው ስር ናት፤ ጣራዋ ደረጃውን ተከትሎ ስለሚያዘቀዝቅ አልጋው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር ኮቴው ከራስ በላይ ያልፋል። መጥረጊያዎቹና ባልዲዎቹ በር ጀርባ ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ እሷ ለራሷ ገዝታ የማታውቀው ዓሣ በወረቀት ተጠቅልሏል፤ አጠገቡ ጥቃቅን ተደርጎ የተከተፈ ሥጋ በሻይ ማቅረቢያ ሳህን ላይ አለ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፉ ሰዓቶች አየ፤ በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ፣ ውሃ የተቀየረበት ነው። ስምንት ቀን ሙሉ አንድም መስመር አልተዘለለም።

«ሞተች?» አለች ከአልጋው ጫፍ ሳትነሣ።

«አልሞተም። ወንድ ነው።»

ይህን ሰምታ ትስቃለች ብሎ ነበር። እሷ ግን እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለሉን ታያለች። እሱ ካርቶኑን አስቀምጦ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሊጀምር ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀደመችው።

«አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ» አለች። «በሁለተኛው ቀን ሌሊት ሳየው ተንቀጠቀጠ መሰለኝ። አሳዘነኝና ውሃውን ለብ አደረግሁት፣ ከሻዬ ጨምሬ... ሻይ ሳይሆን የሻዩን ሙቅ ውሃ። አንተ ቀዝቃዛ ብለኸኝ ነበር። አንዴ ብቻ ነው ያደረግሁት። ያ ነው አይደል የጎዳው? እዚያ ያሉት ዶክተሮች ቢጠይቁህ ጥፋቱ የእህቴ ነው፣ እኔ በደንብ ነግሬያት ነበር በላቸው። አንተ ስምህ በእኔ ምክንያት እንዳይነሣ።»

ወንድሟ ቁጭ አለ። የሚቀመጥበት ስላልነበረ ባልዲው ላይ ነው የተቀመጠው። ያ ያማረ ሁለት ምዕራፍ ከአፉ ጫፍ ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ገባ። ከራሱ በላይ አንድ ሰው እየሮጠ ደረጃውን ወረደ፤ ኮቴው እስኪያልፍ ጠበቀ።

«እታለም፣ በስምንት ቀን ውስጥ ከተደረገው ሁሉ ልክ የነበረው እሱ ብቻ ነው» አለ። «ያንን ለብ ያለ ውሃ ባታደርጊለት ኖሮ ይሄኔ የለም። ውሃ ውስጥ መግባትም አልነበረበትም፤ የምድር ኤሊ ነው። ዓሣም አይበላም። የነገርኩሽ በሙሉ ስህተት ነው። አላውቅም ነበር። ዶክተር አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። ካርድ ጸሐፊ ነኝ።»

እህቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ አንድ በአንድ ትጠይቀው ጀመር፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«አስራ ዘጠኝ ዓመት?»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት።»

«ነጩ ልብስስ?»

«ካርድ ክፍሉ ይበርዳል።»

«የአራተኛ ፎቋ ውሻ የዳነው?»

«ሐኪሟን ጠይቄ ነው የነገርኩሽ። የሁሉንም ጠይቄ ነው። የእሱን ብቻ ሳልጠይቅ ተናገርኩ።»

«ለምን?»

«ቀላል መሰለኝ።»

እህቱ ተነሣች። ዓሣውንና ሥጋውን ከነወረቀቱ አንሥታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው፤ ሳህኑን ብዙ ጊዜ አጠበችው፤ ከንጹሕም በላይ። ጀርባዋን እንደሰጠችው «ይህን ደረጃ ስጠርግ አንድ ቀን ከብዶኝ አያውቅም» አለች። «ኃላፊው ሲጮህብኝ፣ ሰዎቹ በጫማቸው ያጠብኩትን ሲረግጡብኝ፣ በልቤ እስቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ያውቃል። ስለሚያውቅም ዝም አለ፤ ይህ ዝምታ ግን ከዱሮው የተለየ ነበር፤ አንዳች የሚሸሽበት ቀዳዳ አልነበረውም። ይቅርታ ሊል ፈለገና፣ ባልዲ ላይ ተቀምጦ የሚባል አልመስል አለው። ሲነሣ ራሱን ከጣራው ጋር አጋጨ። እህቱ ዞር ብላ አየችው። እያሻሸ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ፤ እሷን ይሁን ጣራውን ለመለየት የሚያስቸግር ዓይነት ነበር።

«መብራቱን የት ነው የምንሰካው?» አለች።

አልጋው ስር ካለው ሶኬት ሰኩት። ካርቶኑን ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። እህቱ ከግቢው አጥር ስር ሣርና ቅጠል ለቅማ መጣች፤ ታጥቦ መድረቅ እንዳለበትና እንደሌለበት ስትጠይቀው «አላውቅም፣ ነገ ጠይቄ እነግርሻለሁ» አላት። ይህችን ቃል ሲናገር ምላሱ ላይ እንዲህ ትቀላለች ብሎ አልገመተም። ኤሊው አልበላም። አንገቱን ግን ቀስ ብሎ አወጣ፣ አንድ እግሩን ቀጥሎም ሌላውን አነሣ፣ እንደ ሽማግሌ እየተንገዳገደ መብራቱ በቀጥታ የሚያርፍበት ጥግ ድረስ ሄዶ ሆዱን ለጥ አድርጎ ተኛ። ሁለቱም ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብለው ያዩት ነበር።

በሩ ተንኳኳ። የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ ናቸው፤ ድመታቸውን በሹራብ ጠቅልለው ይዘዋል። «ዶክተር መጥተዋል ሲሉ ሰምቼ ነው፤ ይቺ ልጅ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ታስላለች» አሉ።

ወንድምየው አፉን ከፈተ። እህቱ እጇን አንሥታ አስቆመችው፤ በሩ ላይ ቆማ፣ ደረጃ ስትጠርግ በምትቆመው አቋቋም፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ «ዶክተር አይደለም» አለች። «ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ጸሐፊ ነው። ቢሆንም ይግቡ። ይጽፍልዎትና ነገ ሐኪሟን ጠይቆ ይነግርዎታል። ሳይጠይቅ አንዳች ነገር አይናገርም።» ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩ። ቢሆንም ድመቷ ስታስል ገቡ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ካርድ ጸሐፊው ኪሱን ዳበሰ። ብዕር አገኘ፤ ወረቀት አልነበረውም። እህቱ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለፈውን ወር ገንጥላ ጀርባውን አቀበለችው። የድመቷን ስም ጠየቀ፣ ዕድሜዋን ጠየቀ፣ ሳሉ የሚብሰው ቀን ነው ወይስ ማታ፣ ትበላለች ወይ፣ ውሃስ ትጠጣለች ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሴትዮዋ «መሰለኝ» ባሉ ቁጥር «መሰለኝን አልጽፍም፣ አይተው ነገ ይንገሩኝ» ይላል። መስመሮቹ አንድ ላይ ሳይነካኩ፣ ፊደሎቹ ሁሉ በየራሳቸው ተለይተው፣ ትምህርት ቤት ለመማሪያ ሊሰቀሉ የሚችሉ ሆነው ወረዱ። እህቱ ከትከሻው በላይ አጎንብሳ እስኪጨርስ ድረስ አነበበች።

«እኔ ነኝ ሞኟ» አለች በመጨረሻ። «ይህን የመሰለ ጽሑፍ ዶክተር ይጽፋል እንዴ።»